ከባኬ ጃማ እስከ ጠቅላላ ጉባኤ፦ ለአዲስ ተመራጭ ሽማግሌ የተዘጋጀ መመሪያ

በወለጋ ከተሞች አንድ የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን ከሰበካው፣ ከሲኖዶሱና አዲስ አበባ ካለው ዋና ጽሕፈት ቤት ጋር ያለው ግንኙነት ትዝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ነገር ሲበላሽ ነው። ቄሱ ይዛወሩ አይዛወሩ የሚል ክርክር ሲነሣ፣ የግቢው ካርታ በማን ስም እንደ ወጣ ሲጠየቅ፣ ወይም ጥቂት ሰዎች ተቆጥተው የድምፅ መሣሪያውንና ቁልፉን ይዘው ሲወጡ “ለመሆኑ ደንቡ ምን ይላል?” ይባላል። ያን ጊዜ ደንቡን ያነበበ ሰው ይጠፋል፤ መዝገቡ ያለበት ቁም ሣጥንም ቁልፉ የት እንደ ገባ አይታወቅም።

ይህ መመሪያ በባኬ ጃማም ሆነ በሌላው የነቀምቴ መንደር፣ በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በመንዲ በቅርቡ ሽማግሌ ሆነው ለተመረጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሆን በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትዎ ምን ምን ማድረግ እንዳለብዎ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው። አካሄዱ ለቃለ ሕይወት፣ ለሙሉ ወንጌል ወይም ለመሠረተ ክርስቶስ አጥቢያ መሪዎችም ይጠቅማል፤ የእርከኖቹን ስም ብቻ ወደ ራስዎ ቤተ እምነት መለወጥ ነው።

አስቀድመው አንድ ነገር ይያዙ። ትስስሩ የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፦ በመዝገብ፣ በፈሰስ (ወደ ላይ በሚላከው የገቢ ድርሻ) እና በተወካይ። መዝገቡ ከተስተካከለ፣ ፈሰሱ በወቅቱ ከደረሰና ተወካዩ ሄዶ የሰማውን ከነገረ፣ የቀረው ሁሉ መንገዱን አያጣም። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ግን ማኅበረ ምእመናኑ ከላይ ያለውን አካል ወይ እንደ አለቃ ይፈራዋል፣ ወይ እንደ እርዳታ ድርጅት ይጠብቀዋል።

ደረጃ 1፦ እርከኖቹን ለይተው ይወቁ

ከታች የስብከት ቦታ አለ፤ ምእመናን እየበዙ ራሱን መቻል ሲጀምር ወደ ማኅበረ ምእመናን ያድጋል። ማኅበረ ምእመናን ተሰባስበው ሰበካ፣ ሰበካዎች ተሰባስበው ሲኖዶስ ይሆናሉ። ሲኖዶሶች ሁሉ የሚገናኙት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት የሚመረጠውም እዚያ ነው።

አንድ ወረቀት ይውሰዱና በአራት መስመር ይክፈሉት። በየመስመሩ የእርከኑን ስም፣ የሚመለከተውን የሥራ ክፍል፣ ስልኩንና “ምን ሊወስን ይችላል?” የሚለውን ይጻፉ። ለምሳሌ የመዘምራንን መርሐ ግብር የሚወስነው የእርስዎ የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፤ ለዚህ ሰበካ መሄድ አያስፈልግም። የቄስ ሹመትና ዝውውር ግን በአንድ ማኅበረ ምእመናን ብቻ አያልቅም። እርግጠኛ ያልሆኑበትን መስመር ባዶ ይተዉትና የሰበካውን ጸሐፊ ጠይቀው ይሙሉት። ወረቀቱን በቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ግማሹ ክርክር የሚመነጨው ጉዳዩን ለማይመለከተው አካል ከማቅረብ ነውና።

ደረጃ 2፦ ሰነዶቹን ሰብስበው ይረከቡ

በመጀመሪያው ወር የሚከተሉትን በዝርዝር ይረከቡ።

• የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመጨረሻው ማሻሻያ ያለበት፤ ከሲኖዶሱ ውስጠ ደንብ ጋር።
• የስብከት ቦታው ወደ ማኅበረ ምእመናንነት ሲያድግ የተጻፈው የእውቅና ደብዳቤ።
• የግቢው የይዞታ ማረጋገጫና ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድም ካለ እሱ ጭምር።
• የአባላት፣ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች።
• ያለፉት ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎችና የኦዲት ሪፖርቶች።
• ማኅተሙ፣ የገቢ ደረሰኝ ጥራዞች፣ የባንክ ደብተሩና የፈራሚዎቹ ስም።

ርክክቡን ሁለት ምስክር ባለበት ያድርጉ፤ የተገኘውንም ያልተገኘውንም በቃለ ጉባኤ አስፍረው ይፈርሙ። የጎደለውን ለሰበካው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የእውቅና ደብዳቤውና የቀድሞ ሪፖርቶቹ ቅጂ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ካርታው በማን ስም እንደ ወጣ በተለይ ይመልከቱ። ቦታው በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ሳይሆን በአንድ የቀድሞ ሽማግሌ ወይም በለጋሽ ቤተሰብ ስም ከተመዘገበ ዛሬ ችግር ላይኖረው ይችላል፤ ሰውየው ሲሞት ግን ወራሾች ይመጣሉ። ሁሉም በሕይወትና በፍቅር እያለ ስሙ እንዲዞር ጉዳዩን በሲኖዶሱ በኩል ለከተማው አስተዳደር ያቅርቡ።

ከእያንዳንዱ ዋና ሰነድ ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ በቢሮ፣ አንዱ በሰበካ፣ አንዱ በፎቶ ተነሥቶ በሁለት ሰዎች ስልክ። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው የወለጋን ታሪክ ለማያውቅ ነው። በደርግ ዘመን በዚህ አካባቢ ብዙ ቤተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ በ1974 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለው ዋናው ጽሕፈት ቤት ራሱ ተወርሷል። ግቢው የማን እንደ ነበረ ለማስረዳት ሰነድ ያለው ሰውና የሌለው ሰው እኩል አይቆሙም።

ደረጃ 3፦ ለምእመናኑ ታሪኩን ያስተምሩ

ብዙ ወጣት “መካነ ኢየሱስ” ሲባል ትዝ የሚለው አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ነው። ስለዚህ “ፈሰስ ለምን እንልካለን?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በጥር ወር፣ ለዚህ ትምህርት አንድ ሰንበት ይመድቡ። የሚከተለው ለግማሽ ሰዓት ትምህርት ይበቃል።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በብሔራዊ ደረጃ የቆመችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። በወለጋ ግን ወንጌላውያን ምእመናን ከዚያ በፊት ወደ 60 ዓመት ገደማ ቆይተዋል። ሰባኪዎቹ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ዳባላ ቦጂ የደረሱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር። ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ ኦነሲሞስም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ ላይ በአካባቢው ገዥ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ ማስተማር ጀመረ። ተከሶ አዲስ አበባ ድረስ ተጠራ፤ ለዓመታትም በይፋ እንዳይሰብክ ተከለከለ። ፈቃዱን ያገኘው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። እስከ ዕረፍቱ፣ እስከ 1931፣ ነቀምቴን አልለቀቀም።

ከዚያ የጣልያን ወረራ መጣ፤ የውጭ ሚሲዮናውያን ከአገር ወጡ። ደምቢ ዶሎ ላይ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የጀመረውን ሥራ ዓይነ ስውሩ ሰባኪ ጊዳዳ ሶሌንና ባልንጀሮቹ ይዘው ቆዩ። ከዚህ የበቀለችው ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። አይራ ላይ የጀርመኑ ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን፣ ነቀምቴና ቦጂ ላይ የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን፣ ደምቢ ዶሎ ላይ ፕሬስቢቴሪያን፤ ከሦስት አገር የመጣ ልማድ በአንድ ደንብ ሥር የገባው ምእመናኑ አብረው ለመቆም ስለ ወሰኑ ነው።

ከዚህ ትምህርት አድማጩ አንድ ነገር ይዞ እንዲሄድ ያድርጉ፦ ቤተ እምነቱን የመሠረቱት አጥቢያዎቹ ናቸው። ስለዚህ የሲኖዶሱ ቢሮ የእናንተ ነው፤ የምትከፍሉለትም፣ የምትጠይቁትም፣ የምታርሙትም እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 4፦ የአባላት መዝገብና መሸኛ

ነቀምቴ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት። ከነጆ የመጣ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጊምቢ የተዛወረች ነርስ፣ ወደ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ የሄደ ወጣት፤ የቤተ እምነት ትስስር ለእነዚህ ሰዎች የሚታያቸው በአንድ ወረቀት ነው፤ በመሸኛ።

መዝገቡን በዓመት አንድ ጊዜ ያጥሩት። በየሰፈሩ ያሉ የጸሎት ቡድን መሪዎች ስም ዝርዝሩን ወስደው ያለውን፣ የሄደውን፣ ያረፈውንና ከመጣ የቆየውን ምልክት ያድርጉበት። ያለ መሸኛ የሄደ ሰው ካለ ስልኩን ፈልገው ይደውሉለት፤ ወረቀቱ ተጽፎ እንዲላክለት ያድርጉ።

መሸኛው አጭርና የተሟላ ይሁን። ይህን ቅጽ መጠቀም ይችላሉ።

ቁጥር ______ ቀን ______
ለ______ ማኅበረ ምእመናን
ጉዳዩ፦ ምእመን ስለ መሸኘት
የማኅበረ ምእመናናችን አባል የሆኑት ______ በመዝገብ ቁጥር ______ ተመዝግበው ከ______ ዓ.ም. ጀምሮ በሙሉ አባልነት ቆይተዋል። የተጠመቁት በ______ ሲሆን ትምህርተ ሃይማኖት ተምረው ቅዱስ ቁርባን ይቀበላሉ። በ______ ክፍል አገልግለዋል። አሁን ወደ እናንተ አካባቢ ስለ ተዛወሩ በአባልነት እንድትቀበሏቸው በጌታ ፍቅር እንጠይቃለን። መቀበላችሁን በጽሑፍ ስታሳውቁን ስማቸውን ከመዝገባችን እናዛውራለን።
የጸሐፊው ስም፣ ፊርማና ማኅተም

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዉአት። መልስ ካልመጣ ሰውየው በሁለት ቦታ ይቆጠራል፣ ወይም በየትም አይቆጠርም። በሦስት ወር ውስጥ መልስ ካላገኙ ደውለው ይጠይቁ።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መሸኛን መቅጫ አያድርጉት፤ “ሳይሰናበተን ሄደ” ተብሎ የተከለከለ ወጣት ብዙ ጊዜ ወደ ማንም አይሄድም። ሁለተኛ፣ ሰውየው ላይ በሥነ ሥርዓት የተያዘ ጉዳይ ካለ በሚይዘው ወረቀት ላይ አይጻፉበት፤ የተቀባዩን ማኅበረ ምእመናን ቄስ በቀጥታ ያነጋግሩ።

እንግዳ ሰባኪ ሲመጣም ይኸው ሥርዓት ይሠራል። “ከየት ነው የመጣኸው? ማን ላከህ?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መልእክተኛ ነኝ የሚል ሁሉ ከላከው ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ያሳይ፤ ደብዳቤ የሌለው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሽማግሌዎች ወደሚያውቁት ሰው ደውለው ያጣሩ።

ደረጃ 5፦ ፈሰስ

ማኅበረ ምእመናኑ ከገቢው የተወሰነ ድርሻ ወደ ላይ ይልካል። መጠኑን የሚወስነው የሲኖዶሱ ውሳኔ ነው፤ ከጎረቤት ሰምተው አይሥሩ፤ የውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይጠይቁ። ከዚያ አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. የትኛው ገቢ እንደሚታሰብ ይለዩ። አሥራትና መደበኛ መባ፣ ለሕንፃ የተሰበሰበ ስጦታ፣ ለችግረኞች የተዋጣ ገንዘብ በየራሳቸው ረድፍ ይመዝገቡ። ለምሳሌ ያህል የወሩ አሥራትና መባ 60,000 ብር፣ ለጣሪያ የተዋጣው 25,000 ብር ነው እንበል። ድርሻው 15 በመቶ ቢሆንና የሕንፃ ስጦታ የማይታሰብ ቢሆን የሚላከው 9,000 ብር ነው። ሁሉም በአንድ ረድፍ ከተጻፈ ግን 12,750 ብር ይሆናል፤ ወይ አብዝተው ይልካሉ፣ ወይ ጭቅጭቅ ይነሣል።

2. ድርሻውን ገንዘቡ በተቆጠረ ሳምንት ይለዩ። በወሩ መጨረሻ ከተረፈው ለመላክ ካሰቡ የሚተርፍ አይኖርም።

3. በባንክ ይላኩ፤ የባንኩን ደረሰኝና የሰበካውን የገቢ ደረሰኝ አንድ ላይ አያይዘው ያስቀምጡ። ጥሬ ገንዘብ በሰው እጅ መላክ ሰውየውንም ለሐሜት ማጋለጥ ነው።

4. የላኩትን ገንዘብ ልክ በሩብ ዓመቱ ለምእመናን ያንብቡ። ከሰበካና ከሲኖዶስም የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በጽሑፍ ይጠይቁ። የሚልክ ሰው የመጠየቅ መብት አለው።

5. መክፈል ካልቻሉ ቀኑ ከማለፉ በፊት ይጻፉ። አዝመራ የተበላሸበት፣ መንገድ ተዘግቶ ገበያ ያልቆመበት ወር አለ፤ ሰበካው ይህን ከእርስዎ ደብዳቤ ቢያውቀው ይሻላል። ዝም ብሎ መቅረት ግን እንደ ኩርፊያ ይቆጠራል።

“የውጭ አጋሮች አሉ፤ የእኛ ጥቂት ብር ምን ያደርጋል?” የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ቅርብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በጋብቻ አስተምህሮ ልዩነት የተነሣ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። የቆየ የውጭ ትስስርም እንዲህ ሊቋረጥ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን በእምነቷ ጉዳይ በነፃነት መወሰን የምትችለው የዕለት ወጪዋን ልጆቿ ሲሸፍኑ ነው፤ ይህ ደግሞ ከባኬ ጃማ የመባ ሣጥን ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ተወካይ መርጦ መላክ

ለሰበካና ለሲኖዶስ ጉባኤ የሚሄደውን ሰው “ማን ጊዜ አለው?” ብለው አይምረጡ። መናገር የሚችል፣ ማዳመጥ የሚችልና የሰማውን በታማኝነት የሚያደርስ ሰው ይፈልጉ። ሁልጊዜ አንድ ሰው አይሂድ፤ ሴቶችንና ወጣቶችን እያፈራረቁ ይላኩ።

ከመሄዱ በፊት የሽማግሌዎች ጉባኤ ከተወካዩ ጋር ይቀመጥ። አጀንዳው ከደረሰ ነጥብ በነጥብ ይወያዩበት፤ በየነጥቡ “ይህን እንደግፋለን፣ ይህን እንቃወማለን፣ በዚህ ላይ ሰምተህ ወስን” ብለው በግማሽ ገጽ ጽፈው ይስጡት። የውክልና ደብዳቤውም ማኅተም ያለው ይሁን። የትራንስፖርትና የአበል ወጪውን ማኅበረ ምእመናኑ ይሸፍን፤ ተወካይን በራሱ ኪስ መላክ ጉባኤውን ያላቸው ሰዎች ብቻ የሚሄዱበት ያደርገዋል።

ሲመለስ በሁለት ሰንበት ውስጥ ለሽማግሌዎች፣ ቀጥሎም ለምእመናን ይንገር። ሪፖርቱ አራት ጥያቄ ይመልስ፦ ምን ተወሰነ? እኛ ምን ብለን ነበር፣ ምንስ ተባልን? እኛን የሚመለከተው ውሳኔ የቱ ነው? እስከ መቼ ይፈጸማል? ቃለ ጉባኤው በአፋን ኦሮሞ ከተያዘና ከላይ የመጣው ሰርኩላር በአማርኛ ከሆነ፣ ዋና ዋናውን ነጥብ ምእመናኑ በሚሰሙት ቋንቋ አዘጋጅቶ ያቅርብ። ጉባኤው ላይ ሳቅ ስለ ነበረው ነገር ሁሉም ያወራል፤ ስለ ውሳኔው የሚያወራው ግን ተወካዩ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ አገልጋይ ማፍራትና መቀበል

ነገረ መለኮት የሚማር ወጣት ሲልኩ ጥሪውን መጀመሪያ የሚያውቀው ማኅበረ ምእመናኑ ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲያገለግል ያዩትን ሰው ይምረጡ፤ የድጋፍ ደብዳቤውን ለሰበካ ይጻፉ፤ ሰበካው አይቶ ለሲኖዶስ ያቀርበዋል። ትምህርቱ አይራ በሚገኘው ኦነሲሞስ ነሲብ ሴሚናሪ ወይም አዲስ አበባ በሚገኘው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ሊሆን ይችላል። ማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ተመርቆ ሲመለስ የት እንደሚመደብና ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። ብዙ ቅሬታ የሚመጣው “እኛ ያስተማርነው ልጅ ለሌላ ተሰጠ” ከሚል ነው።

ቄስ ተመድቦ ሲመጣ በርክክብ ይቀበሉት፦ መኖሪያው፣ ደመወዙ፣ የሥራ ድርሻውና ሪፖርቱን ለማን እንደሚያቀርብ ይጻፍ። ቅሬታ ሲኖርም ጉዳዩን መድረክ ላይ አያውጡት። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች ለብቻው ያነጋግሩት፤ ካልተፈታ በሽማግሌዎች ጉባኤ ይታይ፤ ከዚያም ለሰበካ በጽሑፍ ይቅረብ። “ነገ ይሂድልን” ብሎ በር መዝጋት የማኅበረ ምእመናኑ ሥልጣን አይደለም።

ደረጃ 8፦ ቦታ፣ ፕሮጀክትና የውጭ ወዳጅ

ለአምልኮ የሚሆን የከተማ ቦታ በምደባ ሊሰጥ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ሕጋዊ ሰውነት ባለው አካል ስም መቅረብ አለበት። ማመልከቻውን ከመጻፍዎ በፊት ሲኖዶሱን ያማክሩ። የውኃ፣ የትምህርት ቤት ወይም የጤና ሥራ ሲያስቡ የቤተ ክርስቲያኒቱን የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን ያነጋግሩ፤ ማኅበረ ምእመናኑ ለብቻው ከውጭ ድርጅት ጋር ውል አይፈራረም።

በሚኒሶታና በሌሎች አገሮች ያሉ የወለጋ ልጆች ለትውልድ ቤተ ክርስቲያናቸው ገንዘብ ሲያዋጡም መልካም ነው። ገንዘቡ በአንድ ዘመድ የግል ሒሳብ እንዳይገባ ግን በትሕትና ያስረዱ፤ የማኅበረ ምእመናኑን የባንክ ሒሳብ ይላኩላቸው፤ ደረሰኙንም የሥራውን ፎቶም በስማቸው ይመልሱላቸው።

ደረጃ 9፦ ስንለያይ እንዴት እንነጋገር?

ከላይ የመጣ ውሳኔ የማይዋጥልዎ ጊዜ ይመጣል። መቃወም ታማኝነትን አያጎድልም፤ አካሄዱ ግን ይወስናል።

በቦጂ ተወልዶ ነቀምቴ ላይ በቄስነት ያገለገለው ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበረበት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ለጋሾች ለልማት ፕሮጀክት በቀላሉ እየሰጡ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋይ ሥልጠና ሲሉ እጃቸው እንደሚያጥር ገለጸች፤ ሰው አንድ ሙሉ ፍጡር ስለሆነ ሁለቱ አይነጣጠሉም ብላ ምክንያቷን አቀረበች፤ አሠራሩ እንዲታይም ጠየቀች። ገንዘቡ የሚመጣው ከእነሱ ነበር፤ ቢሆንም አላፈረችም፣ አልተሳደበችም፣ ከኅብረቱም አልወጣችም። ደብዳቤው ዓለም አቀፍ ውይይት አስነሣ። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍኖ ተገደለ፤ የጻፈው ግን ዛሬም በሴሚናሪዎች ይጠናል።

የእርስዎም ደብዳቤ ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተል።

• ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ የውሳኔውን ቁጥርና ቀን ይጥቀሱ።
• በእናንተ ዘንድ ያስከተለውን በማስረጃ ያሳዩ፤ ወሬና ስም ማጥፋት አይግባበት።
• ከደንቡና ከቃሉ ምክንያታችሁን ያቅርቡ።
• ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ለይተው ይጻፉ፤ “ይታይልን” ብቻ አይበቃም።
• የሽማግሌዎች ጉባኤ የተወያየበትን ቃለ ጉባኤ ያያይዙ።
• ለሰበካ ይላኩ። በተገቢው ጊዜ መልስ ካልመጣ፣ ግልባጩን ለሰበካ አድርገው ወደ ሲኖዶስ ይቀጥሉ።

ጉዳዩ በሂደት ላይ እያለ ሦስት ነገር አይደረግም፦ ፈሰስ ማቆም፣ ማኅተም መደበቅ፣ ደብዳቤውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። ፈሰስ ያቆመ ወገን ክርክሩ ከጉዳዩ ወጥቶ ወደ ገንዘብ እንዲዞር ያደርጋል፤ ትክክል ሆኖ ሳለም ጥፋተኛ ይባላል።

ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር መሆኑን ለወጣቶቹ አይደብቁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በአምልኮ ቋንቋ የተነሣው ውዝግብ መካነ ኢየሱስን ለሁለት ከፍሎ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቷል። የተፈታው በእርቅ ነው፤ እርቁ እስኪመጣ ግን አንድ ትውልድ መዘምራን ተለያይቶ አድጓል። ሰፈር ውስጥ የቋንቋ ወይም የጎሣ ቅሬታ ሲሰሙ ገና በቃል ደረጃ ሳለ ጠርተው ያነጋግሩ።

ደረጃ 10፦ መንገድ ሲዘጋ

በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት፣ ባንክ የማይከፈትበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በሰላሙ ቀን ከሰበካው ጋር ይስማሙ፦ ግንኙነት ከተቋረጠ ሽማግሌዎች ምን ድረስ በራሳቸው ይወስናሉ? ቅዱስ ቁርባን የሚሰጥ ቄስ መድረስ ባይችል ማን ይተካል? የተጠራቀመ ፈሰስ እንዴት ይያዛል? ከገጠር ተፈናቅለው ያለ መሸኛ የሚመጡ ምእመናን እንዴት ይመዘገባሉ? የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ ያስቡበት። ቤቱን ጥሎ የመጣን ሰው ወረቀት አይጠይቁት፤ “በጊዜያዊነት የተመዘገቡ” የሚል ገጽ ይክፈቱ፣ የመጡበትን ማኅበረ ምእመናን ስም ይጻፉ፣ ሲረጋጋ ይጻጻፋሉ።

የዓመቱ መርሐ ግብር

መስከረም፦ ሰነዶችን መቁጠርና መረከብ፤ የእርከኖቹን ወረቀት ማደስ።
ጥቅምትና ኅዳር፦ የአባላትን መዝገብ ማጥራት፤ የቆዩ መሸኛዎችን መከታተል።
ጥር፦ የቤተ ክርስቲያኒቱን ታሪክ ማስተማር።
በየሩብ ዓመቱ፦ የፈሰስ ሪፖርት ለምእመናን ማንበብ።
ከየጉባኤው በፊትና በኋላ፦ ተወካይን ማዘጋጀትና ሪፖርቱን መስማት።
ግንቦትና ሰኔ፦ የሒሳብ ምርመራ፤ ሪፖርቱን ለሰበካ መላክ።

የአገልግሎት ዘመንዎ ሲያበቃ በደረጃ 2 የተረከቡትን ዝርዝር ያውጡ፤ በእርስዎ ዘመን የተጨመረውን ጽፈው በሁለት ምስክር ፊት ለሚተካዎ ያስረክቡ፤ የርክክቡንም ቃለ ጉባኤ አንድ ቅጂ ለሰበካው ይላኩ። ከሚተካዎ ጋር ወደ ሰበካው ጽሕፈት ቤት አብረው ሄደው ያስተዋውቁት። ሰበካው ከእርስዎ ጋር የለመደው ግንኙነት ለእሱ እስኪተላለፍ ድረስ ሥራዎ አላለቀም።